ሁለት ባላ

ና፣ ቁጭ በል። አቦሉ አምልጦሃል፤ ቶናው ግን ገና ከጀበናው መውረዱ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ቡና ለጣዕሙ ብቻ እንደማይጠጣ ታውቃለህ፤ ስኒውን በሁለት እጅ ይዞ መሞቅም አንዱ ጥቅሙ ነው። ከቆሎው ዝገን፤ ሱፍ ጣል ተደርጎበታል። አንባቢዬ ሴት ከሆንሽም «አንተ» እያልኩ ሳወጋ ቅር እንዳይልሽ፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ልማዱ ራሱ ወደ ዛሬው ጨዋታ ሳይከተን አይቀርም።

ለመሆኑ ይህ ቡና ከየት መጣ ትላለህ? «ከከፋ ነዋ!» ልትለኝ ነው። እሱስ ልክ ነህ። እኔ የምጠይቅህ ወደዚህ ወደ ሸዋ ደጋ፣ ወደ እናቶቻችን ጓዳ በየት በኩል ገባ ብዬ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ ማለትም ከ1813 እስከ 1847፣ አንኮበር ላይ ክርስቲያን ቡና መጠጣቱ ነውር ነበር። (ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ሰባት ስምንት ዓመት እየቀነስክ ስማኝ።) የእስላም መጠጥ ይባል ነበራ! ካህናቱ አጥብቀው ይከለክሉ ነበር። ዛሬ የዚያው ካህን የልጅ ልጅ ሦስተኛውን ሳይጠጣ ከመደቡ አይነሣም፤ በረካው ቀረብኝ ብሎ ያኮርፋል እንጂ።

አንኮበርን አስበው እስቲ። ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ገብስና ባቄላ፣ በግና ጭጋግ እያየህ ትሄድ ትሄድና ድንገት መሬቱ ያልቅብሃል። አፋፉ ላይ ቆመህ ወደ ምሥራቅ ስታይ ከእግርህ ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ኮረብታ፣ ከኮረብታው ማዶ የአፋር ሜዳ እስከ አዋሽ ድረስ ተዘርግቷል። ከንጉሡ ግቢ ቁልቁል ስትወርድ አሊዩ አምባን ታገኛለህ፤ የአርጎቦች ከተማ። አየሩ ሌላ፣ ሃይማኖቱ ሌላ፣ በዚያ ዘመን ቋንቋውም ሌላ፣ ጓሮው ደግሞ ቡና። የአፋሩ ጨው በዚያ በኩል ይመጣ ነበር፤ ግመሉ ከተራራው ሥር ይቀርና ጭነቱ በአህያና በሰው ጀርባ ሽቅብ ይወጣል። ጨዋታ ነው ብዬ የማልዘለው ነገርም አለ፤ በዚያው መንገድ ቁልቁል ባሪያ ይነዳበት ነበር፣ ከሚነዱትም የሚበዙት ሴቶችና ልጆች ነበሩ።

ታዲያ ቡናውን ከዚያ ማን አወጣው? ዐዋጅ አላወጣውም። የእኔ ግምት ገበያ የምትውል ሴት አወጣችው ነው። ቅቤዋን ሸጣ ከአርጎባዋ ደንበኛዋ ጋር ጥላ ሥር አረፍ ስትል፣ አንድ ስኒ ብትቀምስ ማን አያት? ግምት ነው ብያለሁ፤ የተጻፈ አግኝቼ አይደለም። ጸሐፊዎቹ የጻፉት ስለ ንጉሡ ጠጅ ነው።

የዚያ ድንበር በረኛ ማን እንደነበረ ግን ተጽፏል። ሣህለ ሥላሴ የምሥራቅ በራቸውን ያስጠበቁት በእስላም ሹም ነበር፤ ወላስማ መሐመድ ይባላል። ጎንቾ ላይ ተቀምጦ ገቢ ወጪውን ይቆጣጠራል፤ የንጉሡ ዘመዶች የታሰሩበት ወህኒም በእጁ ነው። በ1841 ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ በዚህ ሰውዬ በር ነው ያለፈው። እና ምን ልልህ ነው? ድንበር ላይ የተወለደ ወንድ ሹመት ያገኛል። ድንበር ላይ የተወለደች ሴትስ? ትዳር ታገኛለች።

አንዲት ጎረቤት አለችኝ። ስሟን አልነግርህም፤ ሲወራላት አትወድም። እናቷ አሊዩ አምባ ተወልዳ ለመንዝ ሰው የተዳረች ነበረች፤ ተጠምቃ፣ ማዕተብ አስራ፣ በአዲስ ስም። ይህች ጎረቤቴ ልጇን ስትድር ጓሮ ሁለት ምድጃ ተጣለ። በእናቷ ወገን የመጡት ዘመዶች በሬያቸውን ራሳቸው ባርከው አረዱ። ድስቱ ለብቻ፣ ቢላዋው ለብቻ፣ ጭልፋው ሳይቀር ለብቻ፤ እንዳይምታታ ብላ የዘመዶቿን ጭልፋ እጀታ በቀይ ክር አስራዋለች። ያን ቀን ከምድጃ ወደ ምድጃ ስትመላለስ ዋለች። በዚህ በኩል «እማማ ወጡ ጨው አነሰው»፣ በዚያ በኩል «አክስቴ ውኃ አለቀ»። አንድም ጭልፋ አልተሳሳተም። ማታ ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም ወገን ብድግ ብድግ እያሉ «ፍቅራችን እንዲህ ነው፣ አብሮነታችን እንዲህ ነው» እያሉ እርስ በርስ ተመሰጋገኑ። እሷን ያነሣ የለም። እሷ ያን ጊዜ ጓሮ ክሩን እየፈታች ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ መታወቂያ ልታሳድስ ሄዳ ጸሐፊው ልጅ «ብሔር?» ይላታል። «በእናቴ ነው በአባቴ?» ብትለው፣ «በአባት ነው የሚጻፈው እናቴ» አላት በትሕትና። «ዘጠኝ ወር የተሸከመኝ እሱ ነው እንዴ?» አለችው። ቢሮው በሳቅ ፈረሰ። ሲስቁ ሲስቁ ቆይተው በአባቷ ጻፉት።

እንግዲህ እንዲህ ዓይነቷን ሴት ተረታችን በሁለት መንገድ ያያታል። ሲከፋን «ከሁለት ያጣ ጎመን» እንላለን። ሲመቸን ደግሞ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እንላለን። ያው ሰው፣ ያው ሁለት ወገን፤ አንዴ ያጣ፣ አንዴ የተረፈው። የቱ ነው እውነቱ? እኔ እንጃ አልልህም፤ የሚወስነው ባላውን የተከለው ማን ነው የሚለው ነገር ይመስለኛል። ራሷ ከተከለችው መንጠልጠያዋ ነው። ሌሎች በእሷ ላይ ከተከሉት ግን የምትሸከመው ግንድ ነው።

ይህን ነገር ያሰበች እኔ ብቻ ነኝ እንዳልል፣ ባሕር ማዶ አንዲት ሴት መጽሐፍ ጽፋበታለች። ግሎሪያ አንሳልዱዋ ትባላለች። በ1942 ቴክሳስ ውስጥ፣ ከሜክሲኮ ድንበር አጠገብ፣ ከሪዮ ግራንዴ ወንዝ ሸለቆ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደች። ዘመዶቿ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም፤ በ1848 ጦርነቱ አልቆ ውል ሲፈረም ድንበሩ ነው እነሱን አልፏቸው የሄደው። ማታ የሜክሲኮ ሰው ሆነው ተኝተው ጠዋት አሜሪካ ነቁ በለው። ትምህርት ቤት በእስፓኝኛ ስታወራ ትቀጣለች። ቤት ስትመለስ ደግሞ «ሴት ልጅ መጽሐፍ ላይ ምን ተከላት፣ ሥራ የለም ወይ?» በ1987 ስለ ድንበር ምድር ያሳተመችውን መጽሐፍ በእንግሊዝኛና በእስፓኝኛ እየቀላቀለች ጻፈችው፤ ብዙውንም አልተረጎመችውም። የገባው ይግባው፣ ያልገባው ይጠይቅ። በ2004 ዐረፈች።

እኔ ከዚች ሴትዮ የምወድላት ምኑን ነው? ነጮቹን መውቀሷ አይደለም፤ ያን ሁሉም ይችላል። ወገኖቿን እየወደደች፣ ለወገኖቿ እየተከራከረች፣ ወንዶቻቸው በሴት ላይ የሠሩትን ደግሞ አልተቀበለችም። «ባህላችን ነው» ሲሏት፣ ባህሉን ማን አወጣው ብላ ጠየቀች። እኛ ዘንድ እንዲህ የምትጠይቅ ሴት «ፈረንጅ አበላሻት» ትባላለች። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ተረት እኮ ነው ያለን! ይህን ተረት ስሰማ ሁልጊዜ የምትመጣብኝ አንዲት የዚሁ የደብረ ብርሃን ሴት ናት፤ ትንሽ ልቆይባት።

እሌኒ። ንግሥት እሌኒ። ይህችን ከተማ የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንደሆኑ፣ ብርሃን ከሰማይ ታየና ደብረ ብርሃን ተባለች የሚለውን ታሪክ ከልጅነትህ ጀምሮ ሰምተሃል። የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 ነው፤ የመጨረሻ ዘመናቸውን ያሳለፉት እዚሁ ነው። እሌኒ ሚስታቸው ናት። የሐድያው ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ፤ በእስላም ቤት የተወለደች፤ በእርቅና በግብር ፖለቲካ መሀል ወደ ክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት የገባች። ሐድያ የት፣ ደብረ ብርሃን የት! ሃይማኖቷም፣ ምግቧም፣ አገሯም በአንዴ ተለወጠ። ብርዱስ ብትል? ከሐድያ የመጣች ሙሽራ የደብረ ብርሃንን ኅዳር እንዴት እንደቻለችው እሷ ናት የምታውቀው።

ከዚያ ደግሞ የገራድ መሐመድ ልጅ ማሂኮ፣ የገዛ ወንድሟ ማለት ነው፣ ለንጉሡ አልገብርም ብሎ ተነሣ። ተሳደደ፤ ተገደለ። ዜና መዋዕሉ ይህን የሚተርከው የንጉሡን ኃይል ለማሳየት ነው። እዚያው ገጽ ላይ የንግሥቲቱ ስም አለ፤ ንግሥቲቱ ምን አለች የሚለው ግን የለም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች? ማልቀስስ ይፈቀድላት ነበር? በዚያ ግቢ እንባ ራሱ ክስ ሊሆን ይችላል። የአልጋ ወራሹ የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ፣ ልጇን ልታነግሥ አሲራለች ተብላ ተገርፋ የሞተችው በዚያው ዘመን፣ በዚያው ንጉሥ ትእዛዝ ነው። እንግዲህ የምታለቅሺበትን ቦታ ምረጪ!

እሌኒ ኖረች። መኖር ብቻ? በእደ ማርያም ሲነግሡ እንደ እናት አከበሯት። ከእሳቸው በኋላ ነገሥታት መጡ፣ ሄዱ፤ እሷ አለች። ሕፃኑ ልብነ ድንግል በ1508 ሲነግሡ አገሪቱን በሞግዚትነት ከመሩት ዋነኛዋ እሷ ነበረች። የቱርክ ኃይል ቀይ ባሕር ላይ እየበረታ ሲመጣ ማቴዎስ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ አስጠርታ ለፖርቹጋሉ ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ የላከች እሷ ናት። ሰውየው ስንት አሳር አይቶ በ1514 ሊዝበን ደረሰ፤ መልሱ፣ ያ የፖርቹጋል መልእክተኛ ቡድን፣ ምጽዋ የገባው በ1520 ነው። ሁለት መንፈሳዊ መጻሕፍት እንደጻፈችም ይነገርላታል። መርጡለ ማርያምን ጎጃም ላይ አሠራች። እንግዶቹ አገር ውስጥ ሳሉ በእርጅና ዐረፈች። በወንድ ያለቀው የቱ ነው እንግዲህ? ወንዶቹ ናቸው በየተራ ያለቁት።

ስለ እሌኒ ሲጻፍ አንድ የምትወደድ ቃል አለች፤ «ድልድይ»። በእስላምና በክርስቲያን፣ በሐድያና በሸዋ፣ በኢትዮጵያና በአውሮፓ መካከል ድልድይ። ጥሩ ነው። ድልድይን ግን ሰው ምን ያደርገዋል? ይረግጠዋል! ረግጦት ያልፋል፤ ማዶ ከደረሰ ዞር ብሎ አያየውም። አንሳልዱዋና ጓደኛዋ ቼሪ ሞራጋ በ1981 የጥቁሮችን፣ የሜክሲኮዎችን፣ የእስያና የነባር አሜሪካውያንን ሴቶች ጽሑፍ ሰብስበው ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ድልድዩን የገዛ ጀርባቸው ብለውታል። ርእሱን ስሰማ የጎረቤቴ ሰርግ ነው የመጣብኝ። በዚያ ሰርግ ሁለት ወገን ተሻግሯል፤ በማን ላይ?

አይ፣ ስኒህ ጎደለ እኮ። አምጣው። ወርቂትን ሳላነሣ ደግሞ አልለቅህም።

በ1865 ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ ወደ ሸዋ ሲሸሽ የገባው ወሎ፣ ወርቂት ግዛት ነው። ወርቂት የኦሮሞ እመቤት ናት፤ እስላም፤ ልጇ መቅደላ ላይ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ታስሮባታል። ምኒልክን ይዛ ብትመልስ ልጇን ታስለቅቅበታለች። ምን አደረገች? አሳለፈችው። ቴዎድሮስም በንዴት ልጇን አስገደሉባት። አንጎለላ የተወለደው ልጅ አገሩ ገብቶ ነገሠ፣ አድዋ ዘመተ፣ ዓለም አወቀው። እሷን ስንት ሰው ያውቃታል? ለምን አሳለፈችው የሚለውን ታሪክ ጸሐፊዎች በፖለቲካ ያስረዱሃል፤ ከቴዎድሮስ ጋር ደመኛ ነበረች፣ ሸዋን ወዳጅ ማድረግ ፈልጋ ነው ይሉሃል። ይሁን። እኔ የማልወደው «እናትነቷን መሥዋዕት አደረገች» የሚለውን የንግግር ማሳመሪያ ነው። ገዥ ነበረች፤ ገዥ የሚወስነውን ወሰነች፤ ዋጋው በሆዷ ወጣ። ወንድ ቢሆን «ብልህ» ይባል ነበር። ሴት ናትና «ሩህሩህ» ተባለች፤ ብልሃቷን ወስደን ርኅራኄ ሰጠናት።

ለሴት «አሁን አይደለም፣ ቆይ» የሚባል ነገርም አለ። ቦስተን ውስጥ የተሰበሰቡ ጥቁር ሴቶች፣ ኮምባሂ የሚባለው ማኅበር፣ በ1977 መግለጫ ሲያወጡ የተናገሩት በአጭሩ ይኸው ነው፤ የጥቁር ወንዶቹ ትግል «መጀመሪያ ዘሩ» ይላቸዋል፣ የነጭ ሴቶቹ ትግል «ሁላችንም ሴቶች ነን፣ ዘሩን ተይው» ይላቸዋል፤ እነሱ ግን አንድ ገላ ነው ያላቸው፤ ሰኞ ጥቁር፣ ማክሰኞ ሴት ሆነው አይውሉም። የኛም ተማሪ «መሬት ላራሹ» ሲል፣ የብሔር ጥያቄ ሲያነሣ፣ የሴቶቹ ጉዳይ ከመደቡ በኋላ ይደርሳል ተባለ። እስከዚያው የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አለቃ፣ ሚስትን ታዛዥ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ንጉሡ ወረዱ፤ ሕጉ ቆየ። ደርግ መጣ፣ ሄደ፤ ሕጉ ቆየ። የተሻሻለው በ2000 ነው፤ ያውም የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው፣ ደጅ ጠንተው፣ ተከራክረው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ልጆች ደግሞ፣ አዲስ አበባ ላይ በ2014 የተነሣውን «ሴታዊት» የተባለውን የሴቶች ንቅናቄ ማለቴ ነው፣ ነገሩን በአማርኛ ያወሩታል። «የፈረንጅ ነገር» የሚለው ስድብ እዚያ ጋ ይሟሟል።

ነገርን ነገር ያነሣዋል፤ እነዚያ የአሜሪካ ሴቶች የሚያሳትምላቸው ቢያጡ የራሳቸውን ማተሚያ ድርጅት አቋቋሙ፤ እነ ባርባራ ስሚዝ፣ እነ ኦድሪ ሎርድ፣ በ1980። ስሙን ምን አሉት? «የኩሽና ጠረጴዛ»! የሴት ጉባኤ የሚቀመጠው ኩሽና ነው ብለው። ይህን ለጎረቤቴ ብነግራት አልገረማትም። «ታዲያ የት ሊቀመጡ ኖሯል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እዚህም የሠፈሩ ጉዳይ የሚያልቀው ጀበናው ዙሪያ ነው። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ወጥታ እንደቀረች፣ የትኛው ባል እጁን እንደሚያነሣ፣ የዘንድሮ ዕቁብ ለማን ቀድሞ ይውጣ። ወንዱ ሲመጣ «ሐሜት» ይለዋል። እሱ ጠላ ቤት ሲያወራው ውይይት ነው።

አንድ የሚከብድ ነገር ልንገርህና ጨዋታውን እንመልሰዋለን። በ2021 አጣዬ ስትቃጠል ታስታውስ እንደሆነ፣ ከዚያ በኩል ደብረ ብርሃን የመጣው ተፈናቃይ ብዙ ነበር። በዚያ መስመር አማራውና ኦሮሞው ተጋብቶ የኖረ ነው፤ ከሚሴ ገበያ የማይውል የአጣዬ ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ተጋብቶ የኖረ ቤት ምን ይሆናል? ባል ወደ ወገኑ፣ ወንድም ወደ ወገኑ ይባላል። ሚስቲቱስ፣ ወገኗ የትኛው ነው? የአባቷ ቤት ነው የልጆቿ? ሁለት ባላ ተክላ የኖረች ሴት በአንድ ሌሊት ከሁለት ያጣች ትሆናለች፤ ያውም ማንም ሳይጠይቃት። ስለዚህ ነው የድንበር ሰው ሀብታም ነው፣ ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት ባህል አለው እያሉ በየመድረኩ የሚያሞጋግሱት ብዙ የማይጥመኝ። ሰላም ሲሆን ሀብት ነው። ሰላም ሲጠፋ መጀመሪያ በሩ የሚንኳኳው የእሷ ነው።

ለጎረቤቴ ይህን ሁሉ ሳወራላት፣ አሜሪካዊቷንም፣ እሌኒንም፣ ፈገግ እያለች ትሰማኛለች። እሌኒን ወደደቻት። «ወንድሟን ገድለውባት እንኳ አገር መራች? ታዲያ ምን ታድርግ፣ ቤቱ ቤቷ ነው» አለች። አሜሪካዊቷ ላይ ግን አልተግባባንም። ሁለት ቋንቋ ቀላቅላ ሳትተረጉም መጻፏን ስነግራት «እንግዳ ጋብዞ የማይበላ ማቅረብ ምንድነው?» ብላ ተቆጣች። እንግዳው አንድ ቀን እንኳ ያስተናጋጇን ቋንቋ ይልመድ ማለቷ ነው ብዬ ብከራከር አልሰማ አለች። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ለሁለቱም ስትተረጉም የኖረች ናትና መተርጎም መታከት መሆኑን አታውቅም አልልም፤ ሙያዋ ግን ነው፤ ሙያዋን አታስነካም።

ደግሞ ሰሞኑን ፋይዳ ልታወጣ ሄደች፤ ዲጂታል የሚሉትን መታወቂያ። አሻራዋን ሰጠች፣ ዓይኗን ተነሣች፣ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ፤ አለቀ። ብሔር የሚል መጠይቅ የለውም። ደስ ብሏት ትመጣለች ስል ቅር ብሏት መጣች።

«ምነው?» አልኳት።

«አልጠየቁኝም እኮ! ስንት ጊዜ አስቤበት መልሱን ይዤ ሄጄ ነበር።»

«ምን ልትዪው ነበር?»

«መስመሩ ይበቃል ወይ ብዬ ልጠይቀው» አለችኝ።